በደኅና ነው የመጣሁት

የጋሼ ተገኘን ሞት የሰማሁት ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ቲማቲም ስመርጥ ነው። ድሮ በአንድ ፋብሪካ አብረን ልብስ እንሰፋ የነበረች ሙሉ የምትባል ሴት ጋሪዋን እየገፋች መጣችና ተሳሳምን። ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት፤ ስለ ወገቧ ነገረችኝ፤ እኔም ስለ ወገቤ ነገርኋት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለጋሼ ተገኘ ሳትመጪ መቅረትሽ ግን ሁላችንንም ቅር አሰኝቶናል» አለችኝ።

«የት ነው የምመጣው?» አልሁ።

ፊቷ ልውጥ አለ። «አልሰማሽም እንዴ? ሰባቱም ሠላሳውም አለፈ እኮ! እኛማ ሰምታ ነው፣ ቂሟን ይዛ ነው የቀረች ብለን…» አለችና አፏን በመዳፏ ያዘች።

ቲማቲሙን እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ። አንዲት ሴትዮ «ስሊሓ» ብላ ይቅርታ እየጠየቀች በትከሻዬ በኩል እጇን ሰድዳ የላስቲክ ከረጢት ወሰደች። ሙሉ «ወይኔ፣ ወይኔ፣ እንዲህ ነው የነገርሁሽ?» እያለች ክንዴን ትይዘኛለች፤ ከኋላችን ያሉት ሰዎች መንገድ ልቀቁ ይላሉ። ጋሪዬን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

በእንዲህ ያለ ቦታ፣ በእንዲህ ያለ አኳኋን መርዶ መስማት ጋሼ ተገኘ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲከላከሉት የኖሩት ነገር ነው። ስለዚህ ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣብኝ ንዴት ነበር። በማን ላይ እንደተናደድሁ ለማወቅ ግን ሌሊቱ አልበቃኝም።

እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት በምትባል ከተማ ስንኖር እሳቸው አራተኛ ፎቅ፣ እኛ ሁለተኛ ፎቅ ነበርን። ሕንፃው አሳንሰር የለውም፤ አንድ ሰው ሲያስነጥስ አራት ቤት ይማርህ ይላል። ሥራችንም አንድ ቦታ ነው። በእግር ሩብ ሰዓት ከሚያስኬደው የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ። እኔ መኪና ላይ እሰፋለሁ፤ እሳቸው የጨርቅ ጥቅል በጋሪ ጭነው ከመጋዘን ወደ ስፌት ክፍል ይገፋሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ፋብሪካው የሰጣቸውን ሰማያዊ ካፖርት በሐምሌ ሙቀት እንኳ እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነው የሚውሉ። «ጋሼ፣ አይሞቅዎትም?» ስንላቸው፣ «የሚሞቀውስ እኔን ነው፤ ካፖርቱ ምን አደረገ?» ይሉናል። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ በሳቅ ግን እንፈርስ ነበር።

ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ሆኖም በከተማው ውስጥ ያለ የጎንደር ሰው ሁሉ ቤት በጭንቅላታቸው ነው። የሚይዙት በደረጃ ቁጥር ነበር። የእነሙሉን ቤት ብትጠይቋቸው፣ «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ሁለተኛው ሕንፃ፣ ሠላሳ ስድስት ደረጃ፣ በስተቀኝ» ይላሉ። እኛ አሥራ ስምንት ደረጃ፣ በስተግራ ነበርን። የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የስልክ ቁጥር የሚባል ነገር አያውቁም፤ ተሳስተውም አያውቁም።

ይህን ሁሉ በቃላቸው የያዙት ለመርዶ ነው። በዚያ ዘመን ግማሹ ዘመዳችን ገና እዚያው ነበር። ጎንደር የቀረ አለ፤ አዲስ አበባ ወርዶ በኪራይ ቤት ወደዚህ የሚመጣበትን ተራ የሚጠባበቅ አለ። ሲጠባበቅ የሚሞተውም ብዙ ነው። ወሬው በማንም በኩል ይምጣ፣ ዞሮ ዞሮ ጋሼ ተገኘ ዘንድ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ የእሳቸው ሥራ ነው። መርዶ በሥራ ቦታ አይነገርም። በስልክ አይነገርም። ሆዱ ባዶ ለሆነ ሰው አይነገርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሰው ለአንድ ሰው አይነግርም። «የሚነግር አንድ፣ የሚይዝ ሦስት» ይሉ ነበር፣ እንደ ጨርቅ ጥቅል ቁጥሩን በጣታቸው እያሳዩ።

አንድ ቀን ከፋብሪካው ቢሮ አንድ ጸሐፊ ወረቀት ይዞ ወደ ስፌት ክፍል ገባ። ከአዲስ አበባ ስልክ ተደውሎ ነበር፤ የሙሉ ወንድም ታሞ ሞቷል። የዚችው የሙሉ። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ መታወቅ አለበት ብሎ ነው። ስሟን እየጠራ በመኪኖቹ መካከል ሲመጣ፣ ጋሼ ተገኘ ስልኩን ካስተረጎመችው ከእኛው አገር ልጅ ወሬውን ቀድመው ሰምተው ኖሮ፣ ጋሪያቸውን ከነጭነቱ በመተላለፊያው ላይ አግድም አቆሙበት። ጸሐፊው ጮኸባቸው። እሳቸው ከዕብራይስጥ የሚያውቁት ጥቂት ቃል ነው፤ «ሎ አኽሻቭ» አሉት፣ አሁን አይሆንም ለማለት። አሁንም ጮኸ። «ሎ አኽሻቭ።» ሥራ አስኪያጁ መጣ። መኪኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ሙሉ ራሷ ብድግ ብላ፣ «ምንድን ነው ጋሼ?» ስትል፣ «ጋሪው ተበላሽቶብኝ ነው ልጄ፤ ስፊ አንቺ» አሏት።

ከሥራ ስንወጣ እስከ በሯ ድረስ ስለ ጉልበታቸው ሕመም እያወሩ ሸኟት። ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ራት ይዘሽላት ውጪ፤ በልታ ትደር» አሉኝ። በማግሥቱ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከሁለት ሽማግሌዎችና ከአክስቷ ጋር ሆነው ሠላሳ ስድስቱን ደረጃ ወጡ። ሙሉ ስትወድቅ የሚይዟት እጆች ነበሩ።

ፋብሪካው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባቸው። ለእኔ አስነበቡኝ። «ሌላ ጊዜ ጋሪ መንገድ ላይ እንዳያቆሙ ይላል» አልኋቸው። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና፣ «መልካም፤ ሌላ ጊዜ በርሜል አቆማለሁ» አሉ።

እኔና ባለቤቴ ደሴ በሱዳን በኩል ቀድመን የመጣን ነን። አባቴ ጎንደር ቀርቶ ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በአውሮፕላን ሲመጣ እሱ አዲስ አበባ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ከዚያ ወዲያ ከወንድሜ ጋር በአንዲት ክፍል ተቀምጦ ይጠባበቃል። በካሴት ድምፁን ቀድቶ ይልክልኛል። አንዱ ካሴት ላይ፣ «ጉልበቴ ከድቶኛል፤ የእናንተ ቤት ሰማይ ላይ ነው ይሉኛል፤ እንዴት አድርጌ እወጣዋለሁ?» ይላል። እየሳቀ ነው የተናገረው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃችንን ስወጣ በአባቴ ጉልበት ሆነ የምወጣው። አንድ ቀን አሥራ ስምንቱንም በየደረጃው እያረፍሁ፣ የሽማግሌ አረማመድ እየተራመድሁ ሞከርሁት። አይሆንም።

ደሴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሥራው መሀል አገር ስለሆነ በየቀኑ ሲሄድና ሲመለስ አራት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ያልቅበታል። መንግሥት ለእኛ የሚሰጠው የቤት ብድር ነበረ፤ አንድ ትልቅ ከተማ ዳር አዲስ ሰፈር እየተሠራ ነበር። ቤቶቹ ምድር ላይ ናቸው፤ ሁሉም ትንሽ ግቢ አላቸው። የቤቶቹን ሥዕል ሲያሳዩን ሌላውን ሁሉ ትቼ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ ከታች ያለችው ክፍል በሯ ወደ ግቢው ይከፈታል። የአባቴ ክፍል ብዬ ሰየምኋት።

ወሬው ሕንፃውን ሲዞር ሁለት ቀንም አልፈጀበት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ በራችን ተንኳኳ። ከፈትሁ። ጋሼ ተገኘ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። ሦስቱም ጋቢ ለብሰዋል፤ ሦስቱም ዝም ብለዋል።

«አባቴን!» ብዬ ጮህሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የወለሉን ቅዝቃዜ ነው። ከፊት ለፊታችን የምትኖረው ፍሬሓ፣ የሞሮኮ ሴት ናት፣ በሌሊት ልብሷ ወጥታ ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ደረቷን እየመታች አብራኝ ታለቅሳለች። ደሴ ሱሪውን እየታጠቀ መጣና እሱም ያለቅስ ጀመር። ጋሼ ተገኘ በመካከላችን ተንበርክከው፣ «ኧረ የለም! የለም ልጄ! በደኅና ነው! በደኅና ነው የመጣነው!» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ፍሬሓን ለማስቆም ብቻ ብዙ ጊዜ ፈጀ።

የመጡት ለሽምግልና ነበር። ከሰፈር እንዳንወጣ ሊለምኑን። እንዲህ ያለ ስሕተት ከእኛ ሌላ የሚሠራው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሽምግልናም መርዶም በማለዳ፣ ሦስት ሆኖ፣ ጋቢ ተለብሶ ነው የሚመጣ። ከሰው ሁሉ ግን ጋሼ ተገኘ ማወቅ ነበረባቸው። ሻይ ቀረበ።

ተጀምሮ አይቀርምና ሽምግልናው ቀጠለ። ደሴ ተቆጥቷል። «ጋሼ፣ እዚህ እኮ ሰው ሲያስል፣ ሰው ሲጣላ፣ ድስት ሲወድቅ፣ ሁሉንም እንሰማለን። ሰው እንዴት በዚህ ይኖራል?» አላቸው።

«እሱን ነው የምልህ። ትሰማለህ» አሉት።

«እዚያ ጸጥታ አለ። ግቢ አለ። ለሥራዬም ቅርብ ነው።»

«ለሥራህ ቅርብ ነው። ሰው ከሥራ ሲመለስ የሚገባው የት ነው?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «የሺ፣ ልጄ፣ አንቺ እዚያ ሆነሽ ማን ይነግርሻል?»

«ስልክ እናስገባለን» አልሁ፣ ገና እንባዬን እየጠረግሁ።

ስልክ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩ። ክፍሉ ለአባቴ እንደሆነ ስነግራቸው ግን ሻያቸውን አስቀመጡ። ሌሎቹንም አስነሥተው ወጡ።

ቤቱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ዓመት ፈጀ። በዚያ ዓመት ጋሼ ተገኘ አንድ አዲስ ልማድ አወጡ። ለበጎ ነገር ወደ ሰው ቤት ሲሄዱ፣ ገና ከምድር፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ሳይረግጡ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «በደኅና ነው የመጣሁት!» ይላሉ። በየፎቁም ይደግሙታል። ጨው ለመበደርም፣ የወደቀ ልብስ ለመመለስም፣ ልጅ ለመሳምም። ወደ ራሳቸው ቤት ሲገቡ ሳይቀር። ፍሬሓ ትርጉሙን ሳታውቅ ቃሉን ተምራ ከእልፍኟ ሆና «ዴህናኖ!» ትመልስላቸው ነበር። ልጆቹ ይቀልዱባቸዋል፤ እሳቸው ግድ የላቸውም። እኔን መሬት ላይ የጣሉባትን ማለዳ አልረሷትም።

ድምፃቸውን ሳያሰሙ የወጡበት ቀን ግን ሕንፃው በሙሉ ሥራውን አቁሞ እርምጃቸውን ይቆጥራል። አንደኛን አለፈ። ሁለተኛን አለፈ። ሦስተኛ ላይ ቆመ። ዛሬ የከተማው ዳር ካርሜ ጋት የሚባል አዲስ ሰፈር ሆኗል፤ ሕንፃዎቹ ረጃጅም ናቸው፣ ሰው በአሳንሰር ነው የሚወጣ። እዚያ የምትኖር የእኅቴን ልጅ ስጠይቅ ማን እንደመጣ የሚታወቀው ከደረሰ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወጣን። ፍሬሓ እስከ መኪናው ድረስ እያለቀሰች ሸኘችን። ጋሼ ተገኘ ሣጥን ተሸክመው ሦስት ጊዜ ወጥተው ወረዱ፤ ስንሄድ አልተሰናበቱንም።

ስለ አዲሱ ሰፈር ክፉ ማውራት አልችልም። ንጹሕ ነው። ከየግቢው ውኃ ይረጫል፤ ጽጌረዳ አለ። ሰዉ በጠዋት መኪናውን አስነሥቶ ይወጣል፣ ማታ መኪናውን አቁሞ ይገባል፤ በመካከሉ ያለው ቀን የውሾች ነው። መጀመሪያ ላይ በሁለት አውቶቡስ ወደ ፋብሪካው እመላለስ ነበር፤ አራት ወር ሞከርሁና አቃተኝ። ከዚያ ቅርብ ያለ ቢሮ ጽዳት ገባሁ፤ ሠራተኞቹ ሳይመጡ ጨርሼ የምወጣበት ሥራ ነው። ከአፌ ቃል ሳይወጣ የምውልበት ቀን ነበረ። ድምፄን ለመስማት ብዬ ወደ አባቴ ክፍል እገባና የካሴት ማጫወቻውን ከፍቼ ከአባቴ ጋር እነጋገራለሁ። እሱ «እንዴት ናችሁ» ሲል «ደኅና ነን» እለዋለሁ። ብቻዬን ነበርሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ክፍሉን ግን አሰናድቼዋለሁ። ዝቅ ያለ አልጋ፣ በበሩ አጠገብ ወንበር፣ ደሴ ከወይራ ቆርጦ ያለሰለሰው ምርኩዝ።

በዘጠና ሦስት፣ አንድ ረቡዕ ከቀትር በፊት፣ ከመንገዱ ላይ «በደኅና ነው የመጣሁት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአካባቢው ውሾች ሁሉ አብረው ጮኹ። በመጋረጃ የተመለከቱ ጎረቤቶች ነበሩ። ሮጬ ስወጣ ጋሼ ተገኘ ሰማያዊ ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው የግቢው በር ላይ ቆመዋል። አንገታቸው ላይ ተጠመጠምሁ።

የሥራ ቀን መሆኑን አላሰብሁም። በሥራ ቀን ቀርተው የማያውቁ ሰው እንደሆኑም አላሰብሁም። ሰው ስለመጣልኝ ብቻ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አቀረብሁ፣ ሻይ አፈላሁ። ሦስት ጊዜ ጎርሰው ተዉት። ቤቱን ላሳይዎ አልሁና ወደ አባቴ ክፍል አስገባኋቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ምርኩዙን አንሥተው ብዙ ጊዜ ሲያዩት ቆዩ።

«ደሴ መቼ ይመጣል?» አሉኝ።

«ለሠራዊት አገልግሎት ጠርተውታል። ገና ሁለት ሳምንት አለው።»

«ማታ ማታ ከማን ጋር ነሽ?»

«ከማን ጋር እሆናለሁ? ብቻዬን ነኝ።»

ተነሥተው ወደ ግቢው ወጡና ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ቤት ተመለከቱ። «ይኼ የማን ቤት ነው?»

«የባልና ሚስት ነው። ጥሩ ሰዎች ናቸው።»

«ሴትዮዋ ማን ትባላለች?»

አላውቅም ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ልብሷ ሲሰጣ አይቻለሁ፣ ሻሎም ተባብለናል፣ ስሟን ግን አላውቅም።

«በዚያኛው በኩልስ?»

እሱንም አላውቅም። አፍሬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ተመልሰው ባርኔጣቸውን አነሡና፣ «በይ ልሂድ፣ አውቶቡሱ በሰዓት አንዴ ነው» አሉ። በሩ ላይ ግንባሬን ሳሙኝ። ሲሄዱ ሦስት ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ።

በአራተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ገና ሳይነጋጋ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። በመስኮት ተመለከትሁ። የፋብሪካው ሠራተኛ ማመላለሻ መኪና በራችን ላይ ቆሟል። ሰዎች ይወርዳሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች። ሙሉ። ፍሬሓ በጥቁር ሻሽ። የጋሼ ተገኘ ባለቤት እትዬ አልጋነሽ። ከሁሉ ኋላ ደሴ፣ የሠራዊት ልብሱን እንደለበሰ። እዚህ እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ሥራቸውን ትተው የመጡ አሥራ ስምንት ሰዎች ነበሩ። ፊት ፊት ጋሼ ተገኘ በጋቢ ይመጣሉ። ምንም አልተናገሩም። ውሾቹ እንኳ አልጮኹም።

እስኪያንኳኩ አልጠበቅሁም።

ያዙኝ። ይህን አልክድም፤ ስንት እጅ እንደያዘኝ አላውቅም። ፍሬሓ ከወለሉ ላይ ወደ ላይ አቅፋ ስታነሣኝ አስታውሳለሁ። አባቴ ያረፈው ከሳምንት በፊት እንደነበረ ሽማግሌው ሲናገር ግን አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። እንባዬ ቆመ።

«ረቡዕ ዕለት ታውቅ ነበር?» አልሁ ወደ ጋሼ ተገኘ ዞሬ።

«አንተ» ብዬ ተናገርኋቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። እትዬ አልጋነሽ «ኧረ የሺ!» አለችኝ።

«አውቅ ነበር» አሉ።

«ቤቴ ተቀምጠህ፣ እንቁላሌን በልተህ፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብለህ! በደኅና ነው እያልህ ከመንገድ ላይ እየጮህህ! አንተ ውሸታም!»

ጋሼ ተገኘ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው መሬት መሬት ያዩ ነበር። «ማን ይይዝሽ ነበር?» አሉኝ።

ይቅር አላልኋቸውም። ሰባቱን ቀን በአውቶቡስ ሲመላለሱ አላናገርኋቸውም። ከዚያ በኋላ በደሴ በኩል ሰላምታ ሲልኩ «እሺ» ብቻ እላለሁ። እነዚያን አራት ቀኖች የሰረቁኝ ይመስለኝ ነበር፤ አባቴ ሞቶ ሳለ እኔ ምርኩዙን በቅባት ሳብስ የነበረባቸውን አራት ቀኖች። ንዴቴ ረጅም ነው፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች። አንድ ጊዜ ከጎረቤቴ የደብዳቤ ሣጥን ላይ ስሟን አነበብሁ። ጠርቻት ግን አላውቅም። ዓመት አለፈ። ሄጄ ልታረቅ ብዬ ሁለት ጊዜ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አውቶቡሱ እስኪመጣ ሐሳቤን ቀየርሁ። ቀጥሎ የመጣው የሱፐርማርኬቱ ቀን ነው።

በማግሥቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ቂርያት ጋት እንደዱሮዋ ናት፤ ዳቦ ቤቱ፣ ልብስ የተሰጣባቸው በረንዳዎች፣ ወደ ፋብሪካው የሚጣደፈው ሰው። ከሕንፃችን በር ገብቼ ደረጃውን መውጣት ጀመርሁ። ዝም ብዬ ነበር የምወጣው፤ ምን እላለሁ? አንደኛ ፎቅ ላይ የአንድ ቤት ራዲዮ ጠፋ። ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ የድሮው በራችን ገርበብ አለና አንዲት ልጅ እግር፣ የእኛው አገር ሴት፣ አዲስ መጤ ሳትሆን አትቀርም፣ በጠባቡ ተመለከተችኝ። ነጠላዬን አየች። ማለዳ መሆኑን አየች። ከንፈሯ ደረቀ። በሩን እንደያዘች ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቤት ውስጥ ማንም የሚያናግራት ሰው አይሰማም፤ ብቻዋን ነበረች።

«በደኅና ነው!» አልኋት። «በደኅና ነው የመጣሁት!»

ድምፄ በደረጃው ላይ ሄደ። ልጅቷ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ተነፈሰች። ሳላስበው ነው ያልሁት። እውነት ግን አልነበረም፤ በደኅና አልነበረም የመጣሁት። ረቡዕ ዕለት እሳቸው የግቢዬ በር ላይ ቆመው ያሉትም ይኸው ነበር። የቀሩትን ደረጃዎች እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ነው የወጣኋቸው።

እትዬ አልጋነሽ ድምፁን ሰምታ ኖሮ በሯን ከፍታ ጠበቀችኝ። ከስታለች፤ ፀጉሯን ተላጭታለች። አቀፈችኝና ስለ እሳቸው አንድም ቃል ሳትናገር ወንበር ሳበችልኝ። ሰማያዊው ካፖርት በበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ያን ሳይ አፌን ከፈትሁ።

«እትዬ…»

«ቆይ» አለችኝ። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አምጥታ ፊቴ አኖረች። «ብዪ መጀመሪያ። በባዶ ሆድ አይሆንም ብሎኛል።»

«ማን?»

«ብሞት የሺ አትሰማም ብሎኛል። ሰው ሁሉ ሰምታለች ይላል እንጂ ሄዶ የሚነግራት የለም፤ አንድ ቀን ግን ራሷ ትመጣለች፤ ስትመጣ ሰው ጥሪላት ብሎኛል። ብዪ።»

እያለቀስሁ በላሁ። እሷ ወደ ደረጃው ወጥታ ተጣራች። መጀመሪያ ፍሬሓ መጣች፤ እርጥብ እጇን እየጠረገች ከኋላዬ ቆመች። ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች፤ አንደኛው ምርኩዝ ይዟል። ከዚያ ያች የሁለተኛ ፎቅ ልጅ፤ ማን እንደሆንሁ ሳታውቅ ከጎኔ ተቀመጠችና ክንዴን ያዘች። ጤናዬን ጠየቁኝ። ስለ ደሴ ጠየቁኝ። መንገዱ እንዴት ነበር አሉኝ። ደኅና ነበር አልሁ። ሽማግሌው ጋቢውን አስተካከለና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ልጄ» አለ፣ «ጋሼ ተገኘ አርፎብሻል።»

ስወድቅ ያዙኝ። ቀድሜ እንደሰማሁ ለማንም አልተናገርሁም።